ትኩስ መኪና ኩልፎ አይገባም

ወደ ተሽከርካሪ ሥራ የገባሁት በፍላጎቴም በሙያዬም አልነበረም። የተማርኩት የንብረት አያያዝ ሲሆን፣ አርባ ምንጭ ከተማ በሚገኝ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። የተሽከርካሪ ስምሪትና ጥገና ኃላፊው በድንገት ሲዛወር፣ የሚተካው ሰው እስኪገኝ ድረስ ቦታውን በጊዜያዊነት እንድሸፍን የሚያዝ ደብዳቤ ደረሰኝ። የሚተካው ሰው ሳይገኝ ፀጉሬ ሸበተ። በእነዚያ ዓመታት መሥሪያ ቤቱ ስሙን፣ መዋቅሩን፣ ማኅተሙንና የአጥሩን ቀለም ለውጧል፤ «በጊዜያዊነት» የምትለው ቃል ግን ከእኔ የሥራ መደብ ላይ ንቅንቅ አላለችም።

አሁን ጡረተኛ ነኝ። ሲቀላ ሰፈር ባለው ቤቴ ደጃፍ ቅዳሜ ጠዋት መኪና የሚያቆም ሰው አይጠፋም። መምህር ይመጣል፤ የባጃጅ ሾፌር ይመጣል፤ ከጫሞ ሐይቅ ዳር ዓሣ የሚያመላልስ የፒክአፕ ባለቤት ይመጣል፤ ከታላቅ ወንድሙ አሮጌ መኪና የተረከበ አዲስ ምሩቅም ይመጣል። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው።

«ጋሽ ግርማ፣ እስቲ ይዩልኝ፤ ደህና ነች?»

እኔም የምመልሰው አንድ ነው። «አንተ ምን አየህ?»

ምንም እንዳላየ ሲነግረኝ ከመጀመሪያው አስጀምረዋለሁ። ረጋ ብዬ ነው የማስተምረው፤ ድምፄን ከፍ የማደርገው በአንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት የፒክአፑ ባለቤት ከጨንቻ ወርዶ በቀጥታ ወደ ኩልፎ ወንዝ ሊያጥብ እንደሚሄድ ሲነግረኝ ከወንበሬ ብድግ ብዬ ቁልፉን ተቀበልኩት። «ምን ሆኑ፣ ጋሼ?» ብሎ ደነገጠ። ምን እንደሆንኩ በአጭሩ የሚነገር ስላልሆነ በጽሑፍ ማስፈሩን መረጥኩ። ጉዳዩ አልታዬ የሚባል አንድ ሾፌር መሪውን ሊያጣ የነበረበት ጉዳይ ነው። እሱን ለመናገር ደግሞ ከጋሽ አንጁሎ መጀመር ግድ ይላል።

ጋሽ አንጁሎ የጋራዡ ዋና መካኒክ ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን ነጭ ሸሚዝ ለብሼ፣ ከረባት አስሬ ፊታቸው ቆምኩ። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«መኪና ትነዳለህ?»

«አልነዳም።»

«እሰይ! የሚነዳ ሰው ቁልፍ ብቻ ነው የሚታየው። አንተ መኪናውን ታያለህ። በል ተንበርከክ።»

«ምን ልሠራ?»

«መሬቱን እይ።»

በከረባቴ ተንበርክኬ መሬቱን አየሁ። ጋሽ አንጁሎ ማንኛውንም መኪና የሚጀምሩት ከመኪናው ሳይሆን ካደረበት መሬት ነበር። ከሞተሩ ሥር ጥቁር ጠብታ ካለ የሞተር ዘይት ነው፤ ቀላ ያለ ከሆነ ከመሪ ወይም ከማርሽ ሳጥኑ፣ ከካምቢዮ፣ ሊሆን ይችላል፤ ከጎማው ውስጠኛ ጎን ወርዶ ሲነኩት የሚያሙለጨልጭ ነጣ ያለ ነገር ከሆነ የፍሬን ዘይት ስለሆነ መኪናው ከዚያች ቦታ አይነቃነቅም። ዝም ብሎ ውኃ ከሆነና ትናንት ማቀዝቀዣ ተከፍቶ ከዋለ ግን በሰላም ይኬዳል። ጣታቸውን ነክረው ያሸታሉ፤ እኔንም ያስሸትቱኛል። ከሳምንት በኋላ ዓይኔን ጨፍኜ ዘይት ከዘይት መለየት ቻልኩ። ባለቤቴ ግን ከሸሚዜ ላይ መለየት አልቻለችም፤ ከረባቱ ያን ጊዜ ቀረ።

ከመሬቱ ቀጥሎ ጎማ ነው። ጎማን በእግር መምታት በእሳቸው ዘንድ የተከለከለ ነበር፤ «ምን አድርጎህ ነው የምትመታው?» ይሉ ነበር። ቁጭ ብሎ ጥርሱን ማየት፣ በመዳፍ ዳብሶ ምስማር መፈለግ፣ ነፋሱን በመለኪያ መለካት ነው። ሁሉም ሰው የሚረሳትን ትርፍ ጎማ፣ ስኮርታን፣ ግን መጀመሪያ ያዩ ነበር። ነፋስ የሌላት ስኮርታ አርባ ምንጭ ላይ ሳትታይ ቀርታ ደጋው ካምባ ላይ ስትታይ፣ ከሾፌሩ ጋር አብሮ የሚያዝነው የገበያ ሰው ሁሉ ነው።

ከዚያ የሞተሩ ክዳን፣ ኮፈን፣ ይከፈታል። ሞተሩ ሳይነሳ፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ የዘይቱ መለኪያ ብረት ይወጣል፤ ይጠረጋል፤ እንደገና ይገባል፤ ከዚያ ይነበባል። ጋሽ አንጁሎ የሚጠርጉበት ነጭ መሐረብ ነበራቸው። ጨርቁ ነጭ የሆነበት ምክንያት የዘይቱ ቀለም እንዲታይ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ሞተሩ ቀዝቅዞ እንጂ ትኩስ ሳለ አይነካም። የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጊያው፣ በአውራ ጣት ይጫናል፤ መላላቱ፣ መሰንጠቁ ይታያል። የባትሪው ጫፍ ላይ ነጭ ዱቄት ካበቀለ ገመዱ ተነቅሎ በሙቅ ውኃ ይታጠባል። በመጨረሻም ፍሬኑ ተረግጦ ይያዛል። እግር ሥር ቀስ እያለ የሚሰምጥ ፍሬን ውስጥ ውስጡን የሚያፈስ ነውና ቁልፉ ተመልሶ ይሰቀላል። መኪና ሲታዘዛቸው «እሷ»፣ ሲያስቸግራቸው «እሱ» ይሉ ስለነበር፣ ከሩቅ ሰምቼ እንኳ የየትኛው ጤንነት ምን እንደሆነ አውቅ ነበር።

ከጉዞ መልስ ደግሞ ሌላ ልማድ ነበራቸው። የእጃቸውን ጀርባ ወደ አራቱም ጎማዎች መሐል ቀረብ አድርገው ሙቀታቸውን ያነጻጽራሉ። «እኩል ይሙቁ እንጂ መሞቃቸው አያስፈራም» ይሉ ነበር። «ከአራቱ አንዱ ብቻውን ካቃጠለህ፣ ፍሬኑ ይዟል ወይ ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ሊሄድ ነው።»

ሾፌሮቹ የሚወዱላቸውም የሚፈሩባቸውም ልማድ ግን ሙዙ ነበር።

ሾፌሮች ማለዳ ኮፈን ሳይከፍቱ «ፈትሻለሁ» ማለት ለምደው ነበር። ጋሽ አንጁሎ አልተቆጡም። ከኩልፎ ዳር ከአትክልታቸው ሙዝ እያመጡ፣ ሾፌሮቹ ሳይገቡ በየመኪናው ኮፈን ሥር፣ ከሚሽከረከር ነገር ራቅ አድርገው፣ ከባትሪው አጠገብ አንድ አንድ ያስቀምጡ ጀመር። ኮፈኑን የከፈተ ቁርሱን ይበላል። ያልከፈተ እኩለ ቀን ላይ ሲመለስ ጋሽ አንጁሎ ራሳቸው ይከፍቱለትና የተጠበሰውን ሙዝ በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ለግቢው ሁሉ ያሳያሉ። «ኑ፣ ምሳ ደርሷል!» በሁለተኛው ወር የተጠበሰ ሙዝ ጠፋ። እሳቸው ጡረታ ከወጡ በኋላ ልማዱን እኔ ቀጠልኩበት፤ ሙዙን ግን የሚያቀርቡት ያው እሳቸው ነበሩ።

ስለ አለቆቼ ብዙ አልጽፍም። ስብሰባ የሚወድ መጣ፤ ጡሩምባ የሚወድ መጣ፤ መኪና የሚባል ነገር ከቢሮው መስኮት እንዳይታየው ያዘዘም መጣ። ሁሉም በሰላም ሄዱ። የደመወዝ እርከኔም እንደ ሌላው ሰው ወጣ፤ እንደ ሌላው ሰው ዘገየ። የሥራ ዘመኔን የመጨረሻ ዓመታት ያሳለፍኩት ግን ከወይዘሮ ብርቱካን ጋር ነው።

ወይዘሮ ብርቱካን ከጤና ሙያ የመጡ፣ ቀጥ ያሉ፣ ንጽሕና የሚወዱ ኃላፊ ነበሩ። በገቡ በወሩ ግቢው ተጠርጎ አበባ ተተከለበት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መኪኖቹ አዞሩ። ከመስክ የሚመለስ መኪና ጭቃ ይዞ በዋናው በር እንዳይገባ ትእዛዝ ወጣ። በሩን የሚጠብቁት አባባ ቶማ ትእዛዙን እንደ ሃይማኖት ያዙት። ጎንበስ ብለው ጎማ ላይ ጭቃ ካዩ በትራቸውን አግድመው «ታጥበህ ና!» ይላሉ፤ ሾፌሩን ይሁን መኪናውን ግልጽ አልነበረም።

እኔም ትእዛዙን ወደድኩት። ንጹሕ መኪና ላይ ጠብታ ቶሎ ይታያል። ከተማውም ወደደው። «የእናንተ መኪና ሁልጊዜ ሠርግ የሚሄድ ይመስላል» የሚለን ሰው ብዙ ነበር።

በዚያው ዓመት ግን መኪኖቻችን ከሥር ይታመሙ ጀመር። የአንዱ ዲፈረንሻል፣ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው የማርሽ ሳጥን፣ ጮኸ። የሌላው የኋላ ኩሽኔታ ተፈጨ። ሲፈቱ ውስጣቸው ያለው ዘይት ነጥቶ ቡላ አጥሚት መስሎ ይገኛል። መጀመሪያ የተገዛው ዘይት ነው አልን፤ ዘይቱ ተለወጠ፤ አልተሻለም። ቀጥሎ ጭነት በዝቶ ነው አልን፤ ጭነት ቀነሰ፤ አልተሻለም። ውኃ እንደገባ አውቀናል፤ ግን በመንገዱ ላይ ያሉት ወንዞች ድሮም ነበሩ፤ ድሮም እናቋርጣቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ጣት የተቀሰረው ወደ ሾፌሮች ነበር።

አልታዬ ከሾፌሮቻችን ሁሉ ነባሩና ተጫዋቹ ነበር። ተሳፋሪዎቹ በገደል አፋፍ ሲያልፉ ቢፈሩ እንዳይታወቃቸው ቀልድ ያወራላቸዋል። አንድ ማለዳ ለከብት የሚሰጥ ክትባት በበረዶ ሳጥን ጭኖ፣ ሁለት የእንስሳት ሐኪሞች ይዞ ወደ ካምባ ወጣ። የካምባ ወረዳ ገበሬዎች ከየቀበሌው ከብቶቻቸውን ነድተው ከንጋት ጀምሮ ይጠብቁ ነበር። መኪናው ዳገቱን አጋምሶ የኋላው ዲፈረንሻል ጮኸ፤ ከዚያ ተቆለፈ። አልታዬ አረጋግቶ ዳር አስያዘው፤ ማንም አልተጎዳም። ነገር ግን ሌላ መኪና እስኪደርስላቸው በረዶው ቀለጠ፤ ክትባቱ ተበላሸ፤ ከብቶቹ ሳይከተቡ ወደ መጡበት ተመለሱ።

በማግሥቱ ይቅርታ ልንጠይቅ ካምባ ስንሄድ፣ አንድ አዛውንት ገበሬ አልታዬን ትከሻውን ይዘው «አይዞህ ልጄ» አሉትና ወደ እኔ ዞሩ። «የእኛ ከብቶች እንኳ ቆመው ጠበቁ። የታመመው የእናንተው መኪና ነው። መጀመሪያ እሱን ክተቡ!» ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ግን እንደዚያን ቀን አንገቴን የደፋሁበት ጊዜ የለም።

ጉዳዩ ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ቀረበ። ሰብሳቢው ጠየቁኝ።

«መኪናው ጠዋት ተፈትሿል?»

«ተፈትሿል።»

«አልታዬ መፈተሹን በምን እናውቃለን?»

አባባ ቶማ በምስክርነት ተጠሩ። ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። «ሙዙን በልቷል» አሉ።

«ምን አሉ?»

«ሙዙን። ኮፈን ከፈተ፣ ሙዙን አወጣ፣ በላ። ልጣጩን የጠረግኩት እኔ ነኝ።»

ቃለ ጉባኤ ያዡ ብዕሩን እንደያዘ ቀረ። «ይህን ምን ብዬ ልጻፍ?» ሲለኝ «ቅድመ ስምሪት ፍተሻ መደረጉ በምስክር ተረጋግጧል» ብዬ አስጻፍኩት። እስከዚህ ድረስ መልካም ነበር። ሰብሳቢው ግን አንድ ጥያቄ ጨመሩ።

«ከተፈተሸ ታዲያ ለምን ተሰበረ?»

የማውቀውን ሁሉ ተናግሬ ነበር፤ ይህን ግን አላውቅም ነበር። የጠዋት ፍተሻ ዲፈረንሻል ውስጥ አያይም፤ እዚያ ያለው ዘይት የሚታየው በየጊዜው በሚደረገው ሰፊ ጥገና ብሎኑ ተፈትቶ ነው። ይህን አስረዳሁ። ውኃው ከየት ገባ ሲሉኝ «አላውቅም» አልኩ። የእኔ አለማወቅ በአልታዬ ላይ ተቆጠረ። ኮሚቴው፣ የብልሽቱ መንስኤ እስከ በጀት ዓመቱ መጨረሻ በባለሙያ ካልተረጋገጠ፣ አልታዬ ከሾፌርነት በቋሚነት እንዲነሣና ወደ ጥበቃ እንዲዛወር ወሰነ፤ እስከዚያው በር ላይ ይመደብ ተባለ። የበጀት ዓመቱ መጨረሻ ደግሞ የእኔም የሥራ ዘመን መጨረሻ ነበር። ከእኔ በኋላ ይህን ጉዳይ አንሥቶ የሚጠይቅ ሰው እንደማይኖር አውቅ ነበር።

አልታዬ ቁልፉን ሲያስረክበኝ ከቁልፉ ጋር የታሰረችውን ትንሽ የእንጨት መስቀል ፈትቶ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ከአባባ ቶማ ጎን ተቀመጠ። ቀልዱ አልቀረም። «አሁን የጭቃ ዳኛ ሆኛለሁ» ይል ነበር። መኪና ከመንገዱ ማዶ ሲመጣ ሳያይ በድምፁ ብቻ ታርጋውን ይናገራል። «የሦስተኛው መኪና ቺንጊያ ላልቷል፣ ጋሼ፤ ይስሙት» ይለኛል፤ ሄጄ ስጫነው እውነትም ላልቷል። ነገር ግን መኪናዎቹ አልፈው ሲገቡ እጁ ጉልበቱ ላይ ማርሽ እንደሚቀይር ሰው ሲንቀሳቀስ አየሁና ፊቴን አዞርኩ።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ለሰኞ የሚሆን ሙዝ ለመቀበል ወደ ጋሽ አንጁሎ አትክልት ሄድኩ። አትክልታቸው ኩልፎ ዳር ነው። ሙዙ ሥር ተቀምጠን ጉዳዩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገርኳቸው።

«ዘይቱ ነው» አሉ ወዲያው።

«ዘይቱን ለውጠናል፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ጭነት ነው።»

«ጭነቱንም ቀንሰናል።»

«እንግዲያው እኔም አላውቅም» አሉና ሙዙን መቁረጥ ቀጠሉ።

ያን ጊዜ ነው የእኛ መሥሪያ ቤት መኪና ከላይ፣ ከደጋው መንገድ ሲወርድ የታየን። ከነጭቃው ከበር እንደሚመለስ የሚያውቀው ሾፌር ወደ ግቢው አልዞረም፤ ቁልቁል ወደ ወንዙ መጥቶ በቀጥታ ውኃው ውስጥ ገባ። ጎማው መሐል ድረስ ሰጠመ። ከአራቱም ጎማዎች ጭስ የመሰለ እንፋሎት ተነሣ፤ ድምፁም ከተቀመጥንበት ተሰማን። ሾፌሩ ሱሪውን ሰብስቦ ወረደና እየዘፈነ ማጠብ ጀመረ።

ጋሽ አንጁሎ ቢላዋቸውን አስቀመጡ። «ምን እያደረገ ነው?»

«እያጠበ ነዋ።»

«ሳይበርድ?»

«በር ላይ ጭቃ አያስገቡም።»

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚያጥበው?»

«ከደጋ የሚወርደው ሁሉ።»

«በእኛ ጊዜ መኪና ወንዝ ያቋርጥ ነበር እንጂ ወንዝ ውስጥ አይቀመጥም ነበር» አሉ። «ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ዲፈረንሻሉን የሚዘጋው የጎማ ቀለበት ዘይቱን ወደ ውጭ የማያስወጣ ከሆነ፣ ውኃውን ወደ ውስጥ እንዴት ያስገባዋል?»

እኔም አልገባኝም። ሙዙን ተሸክሜ ወደ ቤቴ ስሄድ ያሰብኩት እሱን ብቻ ነበር።

መልሱን ያገኘሁት ሰኞ ዕለት በሻይ ክበባችን ነው። አስተናጋጇ ብርጭቆዎቹን በፈላ ውኃ አጥባ፣ ትኩስ እንደሆኑ እርጥብ ትሪ ላይ ትደፋቸዋለች። ሻዬን ስጠብቅ አንዱን ብርጭቆ አየሁት። ትሪው ላይ የነበረው ውኃ ቀስ እያለ በብርጭቆው ከንፈር ሥር እየተሳበ ወደ ውስጥ ገባ። የሚገፋው አልነበረም። በውስጡ ያለው ትኩስ አየር ሲቀዘቅዝ እየተኮማተረ የሚጠባው ነበር። ሻዬን ሳልጠጣ ወጣሁ። ከካምባ ቁልቁል የወረደ ዲፈረንሻል በውስጡ ትኩስ አየር አለው። ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲቆም አየሩ ይኮማተራል፤ በትንፋሽ ቀዳዳው፣ በጎማ ቀለበቱ ከንፈር፣ ባገኘው ክፍተት ሁሉ ውኃውን ይጠባል። ወንዝ የሚያቋርጥ መኪና ለዚህ ጊዜ የለውም፤ ወንዝ ውስጥ ተቀምጦ የሚታጠብ ግን ጠጥቶ ይነሣል።

ወይዘሮ ብርቱካን ዘንድ ትሪና ትኩስ ብርጭቆ ይዤ ገባሁ።

«አቶ ግርማ፣ ሻይ ማቅረብም ጀመሩ?» አሉኝ።

«ውኃው ብቻ ነው፣ ወይዘሮ ብርቱካን። እባክዎ ይመልከቱት።»

ብርጭቆውን ጠረጴዛቸው ላይ ደፋሁት። ውኃው ገባ። እንደገና እንዳሳያቸው አዘዙ፤ እንደገና ገባ። ሦስተኛውን ራሳቸው ደፉት። ከዚያ ስለ ኩልፎ ነገርኳቸው። ፈጥነው ነበር የተረዱት፤ እንዲያውም እኔ ካሰብኩት አልፈው ሄዱ።

«መኪኖቹ እንዲህ መታጠብ የጀመሩት መቼ ነው?»

ትሪዬን መሰብሰብ ጀመርኩ።

«አቶ ግርማ፣ እኔን አይፍሩኝ። የበሩ ትእዛዝ ከወጣ ወዲህ ነው፤ አይደለም?»

«ነው።»

«ትእዛዙ የማን ነው?» አሉና ራሳቸው መለሱ። «የእኔ ነው። እንግዲህ ከአልታዬ ጎን ወንበር ይጨመርልኝ እንጂ።» ሳቁ፤ ወዲያው ግን ሳቃቸውን አቆሙ። «ብርጭቆ ለእኔ ይበቃኛል፤ ለኮሚቴው አይበቃም። በመኪና ያሳዩን። መኪኖቹን ደግሞ አልታዬ አይንዳ፤ ነገ ማንም የሚለው እንዳይኖረው።»

ሁለት ተመሳሳይ ፒክአፖች ተመረጡ። የሁለቱም ዲፈረንሻል በኮሚቴው ፊት በአዲስ ዘይት ተሞላ። በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ፣ ተከታትለው ወደ ካምባ ወጥተው ወረዱ። አንዱ እንደ ልማዱ በቀጥታ ኩልፎ ገብቶ ታጠበ፤ ሌላው ከነጭቃው ግቢ ገብቶ እንዲያድር ተፈቀደለት። አባባ ቶማ ጭቃማውን መኪና ሲያስገቡ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው ነበር። በማግሥቱ ሁለቱም ጥቂት ከተነዱ በኋላ ዘይታቸው በሁለት የማር ጠርሙስ ተቀዳ። ከጭቃማው መኪና የወጣው ማር ይመስል ነበር። ኩልፎ ከገባው የወጣው ግን ያው የምናውቀው ቡላ ነበር።

ሰብሳቢው ቡላ የመሰለውን ጠርሙስ ወደ ፀሐይ ይዘው አገላበጡት። ጋሽ አንጁሎ በእንግድነት ተጠርተው መጥተው ነበርና ነጭ መሐረባቸውን አውጥተው ከጠርሙሱ ጥቂት ጠረጉ፤ ለሰብሳቢውም ሰጧቸው።

«ያሽትቱት» አሏቸው።

ሰብሳቢው አሸተቱ። «ምንም አይሸትም።»

«ኩልፎ ይሸታል» አሉ ጋሽ አንጁሎ፤ ግቢው በሳቅ ሞላ። አልታዬ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አልሳቀም። አባባ ቶማ በትራቸውን ለእሱ ሰጥተው ራሳቸው መጥተው ጠርሙሶቹን አዩና ተመለሱ። ምን እንዳሉት አልሰማሁም፤ አልታዬ ግን በትሩን እንደያዘ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

እንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ድምፄን ከፍ የማደርገው ለዚህ ነው። ማለዳ መሬቱን እዩ፤ ጎማውን ዳብሱ፤ ስኮርታዋን አትርሱ፤ ዘይቱን በነጭ ጨርቅ አንብቡ፤ ፍሬኑን ሳትነሡ ርገጡ። ከቁልቁለት ስትወርዱ መኪናውን አሳርፉት። ማጠቡ ለማግሥቱ ይደር፤ ያውም በባልዲ። መኪናችሁ አንድ ሌሊት ጭቃ ለብሶ ቢያድር ጎረቤት ያማችሁ ይሆናል እንጂ መንገድ ላይ አይጥላችሁም። የፒክአፑ ባለቤት ይህን ሰምቶ ቁልፉን ሲቀበለኝ «ሰዎች ዓሣ ይሸታል ብለውኝ ነው እንጂ የቸኮልኩት» አለኝ። ይሽተት አልኩት።

የኮሚቴው ውሳኔ የወጣው ከመሥሪያ ቤቱ በምሰናበትበት ዕለት ነው። ጠዋት ለመጨረሻ ጊዜ ሙዝ አስቀመጥኩ፤ አልታዬ ይነዳው በነበረው መኪና ኮፈን ሥርም አንድ አስቀመጥኩ፤ ማንም አልተመደበበትም ነበር። ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ብርቱካን አልታዬን አስጠርተው ደብዳቤውን በእጃቸው ሰጡት። አንብቦ ሲጨርስ ወደ ቢሮዬ መጣ። ቁልፉን ከሰሌዳው አውርጄ ሰጠሁት። መስቀሏን ከኪሱ አውጥቶ አሰራት። ከዚያ ወደ መኪናው ሄደ። በመስኮት አየሁት። ቁልፉን አልከተተም። መጀመሪያ ተንበርክኮ መሬቱን አየ፤ ጎማዎቹን ዳበሰ፤ ኮፈኑን ከፈተ። ሙዙን ይዞ ተመልሶ መጣና ገምሶ ግማሹን ሰጠኝ።

«ቁርስ ነው፣ ጋሼ» አለኝ፤ ሰዓቱ ለራት የቀረበ ቢሆንም።

ውሳኔው እንዲህ ይላል፦ የብልሽቱ መንስኤ ከሾፌሩ ቸልተኝነት ጋር የማይያያዝ መሆኑ በሙከራ ስለተረጋገጠ፣ ሾፌር አልታዬ ከሐምሌ አንድ ቀን ጀምሮ ወደ መደበኛ ሥራው ይመለስ፤ ቀደም ሲል የወጣው የበር ትእዛዝ ተሽሮ ከመስክ የሚመለስ ማንኛውም ተሽከርካሪ ሳይታጠብ ይግባ፣ ሳይነካ ይደር፣ በማግሥቱ በግቢ ውስጥ ይታጠብ። የተፈረመው ሰኔ ሠላሳ ቀን ነው። የእኔም ጊዜያዊ ምደባ ያበቃው በዚሁ ቀን ነው።